ቀዩና ቢጫው ሽቦ

የመጀመሪያውን ጭረት ያየሁት እሑድ ጧት ነው። ባለቤቴን ብርክቲን ለጉልበቷ ሕክምና አፍሪዳር ሰፈር ላደርሳት ቁልፌን ይዤ ወደ ሕንፃችን ጓሮ ስወርድ፣ የመኪናዬ የኋላ መከላከያ በግራ በኩል ተፍቆ አገኘሁት። ጣቴን በምራቅ አርሼ ፈተግሁት፤ አልለቀቀም። መቼ መታኋት? አርብ ቀትር ላይ ከገበያ ተመልሼ አቁሜያታለሁ። ቅዳሜ ሰንበታችን ነውና አልነካኋትም። እንግዲህ አርብ ነው ማለት ነው፤ አርብ ደግሞ ምንም ድምፅ አልሰማሁም።

እናንተ ይኽን የምትሰሙኝ ወጣቶች ገና ናችሁና አልደረሳችሁበትም። ሰው ሰባ ስድስት ዓመት ሲሞላው ከሞት ይልቅ «ትናንት ምን አደረግሁ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ያስፈራዋል። እኔም ፈራሁ። ለብርክቲ አልነገርኋትም። ጭረቱ ባለበት በኩል እንዳታልፍ መኪናዋን ዞሬ በቀኝ በኩል አስገባኋት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሌላ መጣ። እሱም እሑድ፣ እሱም በግራ። ይኸኛውን ልጄ ሲቫን አየችው። ሲቫን የበኩር ልጃችን ናት፤ ባርኔአ ሰፈር ከባሏ ከኢላንና ከሁለት ልጆቿ ጋር ትኖራለች፤ ኩፓት ሖሊም በሚባለው የጤና ተቋም ውስጥ ለሕመምተኞች ቀጠሮ ትይዛለች። ማክሰኞ ለእናቷ መድኃኒት ይዛ መጣችና ጎንበስ ብላ አየች። በስልኳም ፎቶ አነሳችው።

«አባ፣ ይኼ ሁለተኛው ነው።»

«አይቸዋለሁ።»

«መቼ ነው የመታኸው?»

«እኔ እንጃ።»

«እሱ ነው የሚያስፈራኝ» አለች። «ሰው ይመታል፣ እኔም እመታለሁ። አለማወቅህ ግን ያስፈራኛል። ቁልፉን ስጠኝ።»

እጇን ዘረጋች። እኔ ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ጨበጥሁት። ያ ቁልፍ ምን እንደሆነ ለእናንተ መንገር አለብኝ። ብርክቲ በሳምንት ሁለት ቀን ሕክምና አለባት፤ አውቶቡስ መውጣት ጉልበቷ አይችልም። ለቅሶም አለ። የእኛ ሰው ተበትኖ ነው የሚኖረው፤ ዛሬ ኪርያት ጋት፣ ነገ ነታንያ አንድ ዘመድ ያርፋል። እኔ ጎረቤቶቼን ሰማኝንና ያቆብን ከኋላ፣ እትዬ አማረችን ከፊት ጭኜ እሄዳለሁ። ሦስቱም መኪና የላቸውም። ቁልፉ ከሄደ እኛ አራታችን ለቅሶ በስልክ ልንደርስ ነው። በስልክ ደግሞ ምን ተብሎ ይለቀሳል?

«ካሜራ ላስገጥም» አልኋት። ሰማኝ ልጁ ለመኪናው እንዳስገጠመ ሲያወራ ሰምቼ ነበር። «እኔ መትቼ ከሆነ ካሜራዋ ትናገር። ያን ጊዜ ቁልፉን በገዛ እጄ እሰጥሻለሁ።»

ሲቫን አሰበች። «የፊትም የኋላም የምታይ ትሁን። ቃል?»

«ቃል።»

ኦፊር የሚባል፣ ሚግዳል ሰፈር ከገበያው ጀርባ የመኪና ራዲዮና ካሜራ የሚገጥም ጎልማሳ አለ። የእኛው ልጅ ነው፤ አባቱን ወደዚህ አገር ስንመጣ በሱዳኑ መንገድ አውቀዋለሁ። አማርኛው ግማሹ ዕብራይስጥ ነው። ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ይላል፤ በዕብራይስጥ «እርስዎ» የሚባል ስለሌለ አልከፋበትም።

«አባባ ደምሴ» አለኝ፣ «በሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ ብሰካልህ በአምስት ደቂቃ ትሄዳለህ። ግን ሞተር ስታጠፋ እሷም ትጠፋለች። መኪናዋ ቆማ ሳለ የሚገጫትን አታይልህም።»

«ሳትጠፋ የምትቆይበት መላ የለም?»

«አለ። ከፊውዝ ሣጥኑ በቀጥታ ሽቦ እስብላታለሁ።»

ከመሪው ሥር በጀርባው ተኛ፤ እግሩ በበሩ ወጥቶ መንገዱ ላይ ቀረ። ትንሽ መብራት ያላት ሹል መሞከሪያ ይዞ ፊውዞቹን አንድ ባንድ ይነካል፤ አንዱ ላይ ትበራለች፣ ሌላው ላይ አትበራም። «ቁልፉን አዙር» ይለኛል፣ አዞራለሁ። «አጥፋ» ይለኛል፣ አጠፋለሁ። ከዚያ ሦስት ሽቦ አሳየኝ።

«ጥቁሩ ከመኪናዋ ብረት ጋር ይታሠራል። ቢጫው ሁልጊዜ ከባትሪው ይጠጣል። ቀዩ ቁልፍ ስታዞር ብቻ ነው የሚነቃው። ገባህ?»

«ገባኝ» አልሁት። አልገባኝም ነበር። ሁለት ጊዜ አስደግሜው በሦስተኛው አፈርሁ።

ሽቦውን በመስታወቱ ጎን ባለው ፕላስቲክ ሥር አሳልፎ፣ በጣሪያው ጨርቅ ውስጥ እየገፋ እስከ ኋላው መስታወት አደረሰው። ሲጨርስ አንዲት ክር እንኳ አትታይም። እጁ የተባረከ ነው።

«ባትሪዬን አትጨርስብኝም?» አልሁት።

«ባትሪው ሲደክም ራሷ ታቆማለች። ቆመህ ሳለ ታንቀላፋለች። መኪናዋን የሚነካ ካለ ብድግ ብላ ትቀዳለች።»

«በሰንበትም?»

ኦፊር ሳቀ። «ሻባት መሆኑን በምን ታውቃለች፣ አባባ?»

እሱ ቀልዱን ነው፤ እኔ ግን ቤቴ እስክገባ አብሮኝ ሄደ። እኛ አርብ ፀሐይ ሳትገባ እሳት አጥፍተን ያደግን ሰዎች ነን። እዚህ አገር ከመጣንም ወዲህ የፍሪጁን አምፖል አርብ አርብ እፈታለሁ፤ በሩ ሲከፈት በሰንበት እንዳይበራብኝ። ሕጉ በሬህም አህያህም ይረፉ ይላል። በሬው ካረፈ፣ እኔው ገዝቼ ያስገጠምኋት ካሜራ በሰንበት ብድግ ስትል ዝም ልል ነው? ደግሞም አጥፋት ብሎ ማን ይከለክለኛል? በሰንበት እኔ አልነዳ፤ የምመታው ነገር የለ።

አርብ ወርጄ የፊውዝ ሣጥኑን ክዳን ከፈትሁ። ኦፊር የጨመራቸው ሁለት ፊውዞች ጭራ እንዳላቸው ወጣ ብለው ይታያሉ፤ የአንዱ ጭራ ቀይ፣ የሌላው ቢጫ። የቱ ነበር? ቆሜ አሰብሁ። እሳት ቀይ ነው። ፍምም ቀይ ነው። የሚነድደው ቀዩ መሆን አለበት ብዬ፣ በብርክቲ የቅንድብ ወረንጦ ቀዩ ሽቦ ላይ ያለችውን ፊውዝ ነቀልኋት። ፊውዟ ራሷም ቀይ ናት፣ የጣት ጥፍር የምታህል። እንዳትጠፋብኝ ብዬ መድኃኒታችን በየቀኑ ተከፍሎ በሚቀመጥበት ሣጥን ውስጥ፣ በእሑድ ክፍል አኖርኋት። እሑድ ስከፍተው ትታወሰኛለች ብዬ ነው።

እሑድ ጧት ከጓዳ የሰማሁት የብርክቲን ድምፅ ነው።

«ደምሴ፣ ይኽች ቀይ ክኒን ለምንድን ናት?»

«የቷ?»

«እግር ያላት። ልውጣት ስል ምላሴን ወጋችኝ።»

ነገርኋት። እሷም ፊውዟን መዳፏ ላይ አድርጋ አገላበጠቻትና «ለጉልበቴ ይሆናል ብዬ ነበር» አለች።

ያን እሑድ አዲስ ጭረት አልነበረም። የሚቀጥለው አርብም ነቀልሁ፤ በሚቀጥለው እሑድ ስወርድ ግን መከላከያው ወደ ውስጥ ገባ ብሏል። ይኽ ጭረት አይባልም፤ ስርጉድ ነው። መሬት ላይ ተቀመጥሁ።

አርብ ያደረግሁትን ሁሉ ከራስጌ እስከ ግርጌ አስታወስሁ። ዓሣ ገዛሁ። ሎሚ ገዛሁ። የአውቶቡሶቹን መቆሚያ አልፌ ተመለስሁ፤ ጓሮው ገብቼ አቆምሁ። ግጭት የለም። ከቆሻሻ በርሜሎቹ አጠገብ ያለውን የብረት ምሰሶ በስንዝር ለካሁ፤ ስርጉዱንም ለካሁ። ስርጉዱ ከመሬት ሁለት ስንዝር ተኩል ላይ ነው። ምሰሶው ቢሆን ከታች እስከ ላይ ይሰነጥቀው ነበር እንጂ እንዲህ አያደርገውም። ታዲያ ምን ነካኝ? ወይስ ሌላ ቦታ ቆሜ ነበር? ሌላ ቦታ ሄጄ የረሳሁት መንገድ አለ? እንዲህ እያልሁ ሳስብ አርብ ሎሚ መግዛቴንም ተጠራጠርሁ፤ ወጥቼ ፍሪጁን ከፈትሁ። ሎሚው አለ።

ሌላም የከበደኝ ነገር ነበር። ካሜራዋ ሰንበትን እንዳላየች እኔ አውቃለሁ፣ ሲቫን አታውቅም። ለልጄ ቃል ገብቼ ከሰባቱ ቀን አንዱን ደብቄባታለሁ። ካሜራዋ ውስጥ ያለው የኔው መንዳት ብቻ ነው፤ ግጭት ከተገኘባት የኔ ነው። ካልተገኘባትም ሲቫን «ያጠፋኸው ለዚህ ነው» ብትለኝ ምን እመልሳለሁ?

ያም ሆኖ ራሴ ደወልሁላት። «ሦስተኛው መጥቷል» አልኋት። «ባሴዴር፣ እሺ፣ ነገ ኦፊር ጋ እንገናኝ» አለች። ድምፅዋ ለስለስ ያለ ነበር። ለታመመ ሰው ቀጠሮ ስትይዝ የምታወጣው ድምፅ ነው።

በማግስቱ ከኦፊር ሱቅ ፊት ለፊት አቆምሁ። ሲቫን አጠገቤ ገብታ ተቀመጠች፤ ኦፊር በመስኮቴ በኩል ቆሞ ስልኩን ከካሜራዋ ጋር አገናኘ። ቁልፉ መሪው ሥር እንደተሰካ ነው። ሦስታችንም እያየነው እንደማናየው ሆንን።

«ሳትከፍት አንድ ነገር ልናገር» አልሁ። «ሰንበት ሰንበት አጥፍቻታለሁ። አርብ ፊውዟን እነቅላለሁ፣ እሑድ እመልሳለሁ።»

ሲቫን ወደ እኔ ዞረች። «ታዲያ ለምን አስገጠምናት፣ አባ?»



ኦፊር ስልኩን እየነካካ «የቱን ነው የነቀልኸው?» አለ።

«ቀዩን።»

«ቢጫውንስ?»

«ቢጫውን ምን አደረገኝ ብዬ?»

ራሱን ወዘወዘ። «አባባ፣ ምግቧ የሚገባው በቢጫው ነው። ቀዩ መኪናው መነሣቱን ብቻ ነው የሚነግራት። ቀዩን ስትነቅልባት ‹መኪናው ቆሟል› ብላ ታስባለች። ሻባት ደግሞ በእርግጥም ቆሟል። ምንም አልጎደለባትም፤ ሥራ ላይ ናት የዋለችው።»

«ሁለቱንም ሰንበት?»

«ሁለቱንም።»

እኔ በጸሎት ቤት ቆሜ ሳለ እሷ ጓሮ ሆና ስትሠራ ነበር። ልደሰት ነው ወይስ ልዘን? ማየቷ ለኔ ነው፤ መሥራቷ በኔ ላይ ነው። ሁለቱን ለየብቻ ላስቀምጣቸው ብል አልሆነልኝም።

«ይኸውላችሁ» አለ ኦፊር። «የባለፈው ሻባት ጧት። ግጭት ነው ብላ ለብቻ አስቀምጣዋለች። የኋላዋ ናት።»

ስልኩን በእኔና በሲቫን መካከል ያዘ። ጓሯችን ይታያል፤ በርሜሎቹም፣ ምሰሶውም። ከቀኝ በኩል የነጭ መኪና አፍንጫ ብቅ አለች። በኔ መኪናና በበርሜሎቹ መካከል ባለችው ጠባብ ቦታ ልትገባ ቀጥ አለች፣ ወደ ኋላ ሸሸች፣ እንደገና ገባች። ከዚያ ሥዕሉ ሁሉ ነቅነቅ አለ። የነጯ መኪና በር ተከፈተና አንዲት ሴት እግሯን አወጣች። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ የስፖርት ጫማ አደረገች፤ ክሩን በጥንቃቄ አሠረች። ከጠርሙስ ውኃ መዳፏ ላይ አፈሰሰችና ግንባሯን፣ አንገቷንም አራሰች። ቀና ብላ ወደ መስኮታችን አየችና በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋች።

ልጄ ሲቫን በየሰንበቱ፣ መኪና ስለማይነዳበት፣ ከባርኔአ በእግሯ ነበር የምትመጣው። እንዲያ ነበር የምትለን። ከጸሎት ስንመለስ ቤት ገብታ እናገኛታለን፤ ግንባሯ እርጥብ ነው። እኔም ባየኋት ቁጥር «እግርሽ ይባረክ፣ ለእናት ለአባትሽ ብለሽ ይኽን ሁሉ መንገድ» እላት ነበር።

ኦፊር ቀና ብሎ ወደ ገበያው አየ። «ሰው ጠራኝ» አለና ስልኩን ጭኔ ላይ ትቶ ሄደ። የጠራው ሰው አልነበረም።

ሲቫን እጇን ጉልበቷ ላይ አጣብቃ ይዛለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ስታፍር እንዲያ ናት። እኔም ሳላስብ አፌ ቀደመኝ።

«ማን ናት ይችስ? ዓይኔ ነው መሰል፣ አንዳች አይታየኝም። ሁሉም ጭጋግ ሆነብኝ።»

ያልሁት ምን እንደሆነ የገባኝ ከተናገርሁት በኋላ ነው። ጭጋግ የሚያይ ሰው መኪና ሊነዳ ነው? ቁልፉ እዚያው አጠገቧ ነው፤ እጇን ብትሰድድ ታወጣዋለች። ቃላችንም ገና አልፈረሰም። እኔ ግን የተናገርሁትን አልመለስሁትም። አላይም ብዬ ልቀር ወሰንሁ።

«አባ፣ ዳይ» አለች ቀስ ብላ፤ ይብቃህ ማለቷ ነው። «አይተኸኛል።»

«አላየሁም።»

«ጫማ ስቀይር አየኸኝ።»

ስልኩን ጭኔ ላይ በፊቱ ደፋሁት።

«የነካኋት አልመሰለኝም። ሁሌም ጠባብ ነው፤ ከመንገዱ በኩል ባቆም ከሰገነቱ ያዩኛል ብዬ ነው። አንተን ቁልፍ ስጠኝ እያልኩ የምመታህ እኔ ነበርኩ። በልጆቼ ይሁንብኝ፣ አላወቅኩም።»

«አለማወቅሽ ነው የሚያስፈራኝ» አልኋት።

ቀና ብላ አየችኝ። መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቁ በመካከሉ ተሰበረና ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። እኔም ራሷን ዳበስሁት። አርባ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ቢሆንም ራሷ መዳፌ ውስጥ ያው ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ትንሿ ከተወለደች፤ አራት ዓመት ሆነኝ። ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት በእግር ይፈጃል። ኢላንን ከሁለት ልጅ ጋር ያን ያህል ትቼው መውጣት አልቻልኩም። በመኪና ከሆነ አትምጪ ካልከኝ አልመጣም። አንድ ነገር በለኝ ብቻ።»

ሁለት መልስ አፌ ላይ መጣ። አንደኛው አባቴ ያስተማረኝ ነው። ሌላው ደግሞ ሰንበት ከጸሎት ስንመለስ በሩን ከውስጥ የምትከፍትልን ልጅ ናት። የቱን ላስቀድም? ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ተናግሬ አንዱን ባወጣ ሌላውን ልገድለው ነው። አራት ዓመት የባረክሁት እግርም ነበረ፤ ያ ምርቃት የት ገባ?

«እናትሽ ትጠብቀኛለች» አልሁ።

ሲቫን ፊቷን ጠረገች። እጇን ወደ ቁልፉ ዘረጋች። ሳታወጣው በጣቷ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

«ንዳ» አለችኝ። «ቁልፉ ያንተ ነው። ግን ለዓይንህ ቀጠሮ እይዝልሃለሁ።»

«ዓይኔ ደኅና ነው።»

«ጭጋግ ነው ብለሃል።»

መልሼ ልውጠው አልቻልሁም። የሚመጣው ወር አስራ ሁለተኛው ቀን ላይ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አለብኝ።

ቤት ገብቼ ለብርክቲ ሁሉንም ነገርኋት። ምስሩን መልቀሟን አልተወችም።

«እኔ ከመጀመሪያው አውቃለሁ» አለች።

«በምን?»

«በጫማዋ። በዚህ በአሸዋው አገር ያን ሁሉ መንገድ የመጣ ጫማ እንዲያ ይነጣል?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?»

አሰብሁ። ይኸው አሁንም እያሰብሁ ነው። ሐሙስ የጸሎት ቤታችንን ቄስ ልጠይቃቸው ብዬ ደጃቸው ድረስ ሄጃለሁ። ከውስጥ ድምፃቸው ይሰማኛል፤ እጄን ለማንኳኳት አንሥቼ ተመለስሁ። ብጠይቃቸው ይመልሱልኛል፤ ከመለሱልኝ በኋላ ደግሞ አልሰማሁም ማለት አልችልም።

አርብ ከቀትር በኋላ ወደ ጓሮው ወረድሁ። ካሜራዋን አሳረፍኋት፤ አሁን የቱን እንደምነቅል አውቃለሁ። ከዚያ ሳላስበው ሞተሩን አስነሣሁ። መኪናዋን ወደ ፊት፣ ወደ ግንቡ፣ አፍንጫዋ ሊነካው አንድ መዳፍ እስኪቀረው ድረስ አስጠጋኋት። ወርጄ ከኋላዋ እስከ በርሜሎቹ ያለውን በእርምጃ ለካሁት፤ ስድስት ሆነ። ቀድሞ አራት ተኩል ቢሆን ነው። አንዱን በርሜልም ገፋ አደረግሁት። እጄን ታጥቤ ስወጣ ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ አዘንብላለች።

«ምን ስትሠራ ቆየህ?» አለች ብርክቲ።

«መኪና ሳቆም።»

«ቆማ አልነበረም እንዴ?»

«ነበረች» አልኋት። «ትንሽ ጠጋ አደረግኋት።»

ብርክቲ አየችኝ። የሰንበት ነጭ ልብሴን አቀበለችኝ።